የእሷ ማሳ መቼ ይታረሳል?



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሴት ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ እናት የዕለት ኑሮ ነው። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ስለ እሷ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ብርቱ ናት፤ እናትም አባትም ሆና አሳደገች» ይባልና ይጨበጨባል። ጭብጨባው ከልብ ነው፤ ማሳ ግን አያርስም። ብርቱ ናት ብለን ስናመሰግናት እግረ መንገዳችንን «እንግዲህ ትችለዋለች» ብለን ትተናት እንሄዳለን። ዛሬ ይህን አላደርግም። በዚህ በመንዝ ደጋ የአንዲት ትንሽ ልጅ ትምህርት፣ የምታገባበት ዕድሜና ዕጣዋ ሁሉ የእናቷ ማሳ ከሚታረስበት ቀን ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ላሳያችሁ ነው የመጣሁት።

ለብቻዋ የምታሳድግ እናት ስንል ባሏ የሞተባት አለች፤ የፈታች አለች፤ ባሏ «ሠርቼ እመጣለሁ» ብሎ ወጥቶ የቀረባት አለች፤ ሳታገባ የወለደች አለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ በዘለቀ ጊዜና ከዚያም በኋላ ሰላም በራቀን ዓመታት ያለ አባት የቀሩ ቤቶችን እዚህ የተቀመጣችሁት ከእኔ ይልቅ ታውቋቸዋላችሁ። በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ከአራት ቤት የአንዱ አባወራ ሴት ናት። ስለዚህ የምናወራው ስለ ጥቂት ዕድለ ቢሶች አይደለም። ከየመንደራችሁ አራት አራት ጭስ ብትቆጥሩ አንዱ የእሷ ነው።

መንዝ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ሔለን ፓንክረስት፣ የታሪክ ምሁሩ የሪቻርድ ፓንክረስት ልጅ፣ በደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ እዚሁ መንዝ ውስጥ ግራኝ በተባለ የገበሬ ማኅበር ተቀምጣ የሴቶችን ኑሮ አጥንታለች፤ መጽሐፏም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1992 ታትሟል። የመንግሥት ፖሊሲ ከላይ ሲወርድ ጓዳ ውስጥ ምን መልክ እንደሚይዝ ያየችው ከሴቶቹ ዘንድ ነው፤ ከትዳራቸው፣ ከፍቺያቸው፣ ከኩበታቸውና ከእንዝርታቸው። የመንዝ ሴት ከመሬት ጋር ያላት ትስስርም የቆየ ነው። በርስቱ ዘመን ሴት ልጅ ከእናቷም ከአባቷም ወገን ርስት ትጠይቅ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ በራሱ ጉልበት ለማረስ ለፈለገ ሁሉ ወንድ ሴት ሳይል መሬት ይሰጣል አለ። «በራሱ ጉልበት ለማረስ» የሚለውን ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ላይ በመሬት ረገድ ለሴት እኩል መብት ሰጠ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህም ክልላችን የይዞታ ደብተር ሲያድል በደብተሩ ላይ የሚስትም ፎቶግራፍ ከባሏ ጎን ተለጠፈ። ያ ፎቶግራፍ ቀላል ነገር አይደለም። በፍቺ ጊዜ ባዶ እጇን ወደ አባቷ ቤት ትመለስ የነበረች ሴት ዛሬ ድርሻዬን ብላ ትከራከራለች፤ ባሏ የሞተባትም በባል ዘመዶች በቀላሉ አትነቀልም።

መሬቱስ አላት እንበል። ማን ያርስላታል?

ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። የመንዝ ደጋ አብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ነው። ገብሳችን ሁለት ወቅት አለው። የበልጉ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ይዘራል፤ ዝናቡ ከዘገየ ወይም ከተቋረጠ ይቀራል። የመኸሩ ደግሞ ከክረምቱ በረዶ ቢያመልጥ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል። በእንዲህ ያለ አገር ቀን ማለት እህል ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት የታረሰ ማሳና ሁለት ሳምንት ዘግይቶ የታረሰ ማሳ ድንበርተኛ ቢሆኑም አውድማ ላይ አይተካከሉም። የዘገየው ገብስ ገና ወተት እንደያዘ ውርጩ ይደርስበታል። ከሩቅ ሲያዩት ዛላው ቆሟል፤ በእጅ ሲያሹት ገለባ ነው።

ወንድ ያለበት ቤት ዝናብ ሲጥል በሬውን ጠምዶ ይወጣል። አንድ በሬ ብቻ ያለው ከጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። ለብቻዋ የምታሳድገው እናት ግን በሬ እንኳ ቢኖራት እርፍ አትጨብጥም። ጓል መከስከሱ፣ አረሙ፣ አጨዳው፣ ነዶ መሸከሙ የሴትም ሥራ ነው፤ ማረስ ብቻ የወንድ ነው ተብሎ ተቀምጧል። ስለዚህ መሬቷን በእኩል ትሰጣለች።

እኩል አራሹ ክፉ ሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው፤ ወንድሟ ወይም የአጎቷ ልጅ ነው። ግን የራሱ ማሳ አለው፣ የራሱ ልጆች አሉት። ዝናብ ሲጥል መጀመሪያ የራሱን ያርሳል። ቀጥሎ የወንፈል ብድሩን ይመልሳል። የእሷ ተራ መጨረሻ ነው። ሁለትና ሦስት ጊዜ መገልበጥ የነበረበት ማሳ አንድ ጊዜ ታርሶ ይዘራበታል። ከዚያ ከሳሳው ምርት ላይ ግማሹ ይሄዳል። ግማሹ መሄዱን ሁሉም ያያል፣ አንዳንዴም ሽማግሌ ተቀምጦ ይከራከርበታል። ማሳው የዘገየበትን ግን የሚቆጥርላት የለም። በእኔ ዕይታ ከሚሄደው ግማሽ ይልቅ የሚጎዳት መዘግየቱ ነው።

«ታዲያ ራሷ ትረሰው» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። በክልላችን እንዲህ ያደረጉ አሉ። ዙምራ ኑሩ በደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ውስጥ በ1964 ዓ.ም. በመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴት ስላረሰችውም መሬቱ እህል አልከለከላቸውም። እዚህም አንዲት እናት ነገ ተነሥታ በሬ ብትጠምድ የሚስቅባት ሰው ይፈር። ይሁንና ይህን እንደ መፍትሔ አላቀርብም። አውራ አምባ ላይ ሴቷ የምታርሰው ወንዱ የጓዳውን ሥራ ስለተጋራት ነው። እዚህ ግን ሌሊት ተነሥታ ውኃ የምትቀዳ፣ ኩበት የምትጠፈጥፍ፣ በዚያ ላይ ልጅ ያዘለች ሴት ናት፤ እሷ ላይ ቀንበር መጨመር ሸክም መደረብ ነው።

አሁን ልጅቷን እንያት። ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመቷ ነው እንበል። ጎህ ሳይቀድ እናቷ ምድጃውን ቆስቁሳ፣ ኩበቱ እየጨሰ፣ ገብስ ትቆላለች። ቆሎው ትኩስ እንዳለ በጨርቅ ይቋጠርላታል፤ በመንገድ ላይ በእጇ እየዘገነች፣ መዳፏን እያሞቀችበት ትሄዳለች። ቤት ውስጥ ያለችው አዋቂ እናቷ ብቻ ናት። በግ የሚጠብቅ ወንድም የለም፣ ሕፃን የምትይዝ አያት የለችም። እናት ወፍጮ ቤት ስትሄድ ቤቱን የምትጠብቀው ልጅቷ ናት። እናት ስትታመም ደግሞ ውኃው፣ ጥጃውና ምድጃው በሙሉ የእሷ ይሆናሉ።

ምርቱ በቂ በሆነበት ዓመት ይህ ሁሉ ይቻላል። ማሳው ዘግይቶ ታርሶ፣ ገብሱ ውርጭ መትቶት፣ ግማሹም ሄዶ ጎተራው በመጋቢት ባዶ ከሆነ ግን እናት ከቤት መውጣት አለባት። ለሰው ታርማለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ከገበያ ገበያ ትዞራለች። በጎቹን ማን ይጠብቅ? ልጅቷ መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ትቀራለች። ቀጥሎ ሁለት ቀን ይሆናል። መምህሩ ስሟ ፊት «ቀሪ» ብሎ ይጽፋል፤ ከዚያ በፈተና ትወድቃለች። በማግስቱ «ይቺ ልጅ ትምህርት አይገባትም» ይባላል። እናቷም ያንን ሰምታ ታምናለች፤ ከዚህ የበለጠ የሚያሳዝነኝ ነገር የለም። መምህራን እዚህ አላችሁ፤ አደራ የምላችሁ «ቀሪ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ቤቷ ማን እንዳለ ጠይቁ።

ልጅቷ አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ሽማግሌ ይመጣል። እናት ልጇን ሳትወዳት ቀርታ አይደለም ወደ ሽማግሌው ጆሮዋን የምታዘነብለው። አማች ማለት በሬ ጠምዶ የሚመጣ ሰው ነው። ልጇን ከዳረች ማሳዋ በጊዜ የሚታረስላት ይመስላታል። ጥሎሹንና ድግሱን ተዉት፤ ከብዙ የልጅነት ጋብቻ በስተጀርባ ያልታረሰ ማሳ አለ። ሕጉ ግልጽ ነው። በቤተሰብ ሕጉ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 648 ዕድሜዋ ያልደረሰን ልጅ ያገባ ሰው ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት እንዲታሰር ይደነግጋል። ሕጉን መጥቀስ እናቲቱን አያስፈራትም፤ ልጇን ብትድር የምታገኛቸውን ሁለት እጆች ሌላ ሰው ካልሰጣት በቀር ለእሷ ሕጉ የሩቅ ነገር ነው።

ልጅቷ የልጅነት ጋብቻን አልፋ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ከዘለቀች ደግሞ ወደ ከተማ ትመጣለች። ከገጠር ቀበሌ የመጡት ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤት ሄደው እሑድ ስንቃቸውን አዝለው ይመለሳሉ። ስንቁ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ትንሽ በርበሬ ነው። አባት ያላት ልጅ ኪራዩንም ስንቁንም የሚያደርስላት፣ አከራዩንም «ልጄን አደራ» የሚልላት ሰው አላት። የዚህች ልጅ እናት ግን ማሳዋንና በጎቿን ትታ መምጣት አትችልም። በዚህች በዘመሮ ከተማ ቤት የምታከራዩ ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለችውን ልጅ ተከራይ ብቻ አድርጋችሁ አትዩአት። የበሩ መቀርቀሪያ ይጠንክር፤ ማታ ማን እንደሚያንኳኳባት እወቁ።

እናት ዝም ብላ አትቀመጥም። የመንዝ በግ ፀጉር አለን። ፀጉሩን አጥባ፣ ነድፋ፣ በእንዝርት ትፈትላለች። ሸማኔው ባና ይሠራበታል፤ የመንዝ ባና ደግሞ ከደጋው አልፎ በሌላ አገርም ይታወቃል። እንዝርቱ እግር መንገድም፣ ለቅሶ ቤትም፣ በግ ጥበቃም አይለያትም። ማታ ልጇ ደብተሯን ዘርግታ ፊደል ስታነብ እናት ከአጠገቧ ትፈትላለች፤ አንዲቱ መብራት ለሁለቱም ትበቃለች። እናቲቱ ፊደል ላትቆጥር ትችላለች፤ ልጅቷ ስታነብ አንድ ቃል ከዘለለች ግን በድምፅዋ ታውቅባታለች። ባናው ሲሸጥ የሽመናው ዋጋ ይነገራል፤ የፈታይዋ የሌሊት ድካም ግን በሂሳቡ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ባና የምትነግዱ፣ እባካችሁ ፈትሉን በሚዛን ግዙላት፤ በዓይን አትገምቱባት።

ሌላዋ ከተማ ገብታ ጠላ ትጠምቃለች፣ አረቄ ታወጣለች። ይህን ስናወራ የምናፍር ሰዎች አለን፤ ማፈር ያለብን ግን በሌላ ነገር ነው። ቤቷ አንድ ክፍል ነው። ጠጪው የሚቀመጥበት መደብና ልጅቷ የምታጠናበት መደብ አንድ ነው። እናት ጣሳ እየቀዳች አንድ ዓይኗ ልጇ ላይ ነው፤ «ነይ እስቲ አጠገቤ ተቀመጪ» የሚል የሰከረ ሰው ሲነሣ ልጇን ጎረቤት ትሰዳለች፤ ደብተሩ እዚያው ይቀራል። እዚያ የምትጠጡ ወንዶች፣ ያቺ ልጅ የእናንተም ልጅ ናት። መምሸት ሲጀምር ሒሳባችሁን ከፍላችሁ ተነሡ።

ስለ ቀለብ ሳልናገር አላልፍም። ልጅ አባት አላት። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ከፍቺ በኋላም የአባት ግዴታ እንደማይቀር ይናገራል። ሳይጋቡ የተወለደች ልጅም ብትሆን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው አስቀምጧል። ችግሩ የሚመጣው ከፍርዱ በኋላ ነው። አባትዬው ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዙ ይቆረጣል። ገበሬ ከሆነ ወይም ለቀን ሥራ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ አዲስ አበባ ከወጣ ግን ፍርዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። እናት አንዴ ለክስ፣ አንዴ ለቀጠሮ፣ አንዴ ለአፈጻጸም ስትመላለስ የሥራ ቀኗን ትከስራለች፤ ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ ትተወዋለች። ሽማግሌዎች ለፍቺ እንደምትቀመጡ ሁሉ ለቀለብም ተቀመጡ። የሄደው ሰው ወንድም አለው፣ አባት አለው፣ አውድማ ላይ የሚገባ እህል አለው። በዓመት ይህን ያህል ገብስ ለልጁ ይሰፈር ብላችሁ በምስክር ፊት ብታስሩት ከብዙ ቀጠሮ ይሻላል። ማስፈራሪያና ዱላ ባለበት ግን ሽምግልና ቦታው አይደለም፤ ያኔ ወደ ሕግ ነው።

ለእናቶቹም አንድ ቃል አለኝ። ልጃችሁ በተወለደች በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቧት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በየቀበሌው ሥራ ላይ ውሏል፤ ለማስመዝገብም እናት ትበቃለች። አባት ካልቀረበ ልጅቷ በአያቷ ስም መጠራቷ በአገራችን የኖረ ነገር ነው፤ አያትም ስሙን የሚሰጠው በፍቅር ነው። የልደት ምዝገባው ወረቀት ዕድሜዋን ይመሰክርላታል፤ አሥራ አራት ዓመት የሆናትን «አሥራ ስምንት ሞልቷታል» የሚል ሰው ሲመጣ አፉን የሚዘጋው እሱ ነው።

ከአፍ የሚወጣ ሌላም ነገር አለ። ልጅ ሲያጠፋ «የሴት ልጅ»፣ «ሴት ያሳደገችው» እያልን እንሰድባለን። ልጅቷ ይህን ትሰማለች። በክፍሏ አንደኛ ብትወጣም፣ ውኃ ቀድታ፣ በግ ጠብቃ፣ ታናሿን አዝላ ብትውልም የእናቷ ስም ስድብ ሆኖ ይደርሳታል። ይህን ቃል ከቤታችሁ አውጡት። ሴት ያሳደገችው ማለት ሌሊት የተፈተለ ፀጉር ያሳደገው ማለት ነው።

በመንግሥት ሥራ ላይ ስላሉት እናቶች አጭር ልበል። ከሌላ አገር ተመድባ ወደ ወረዳችን የመጣች መምህርት ወይም ነርስ ዘመድ በሌለበት ልጇን ታሳድጋለች። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ ቁጥር 1064፣ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር። ሐሳቡ ወደ ወረዳም መውረድ አለበት። አንድ ክፍል፣ አንዲት ሞግዚት፣ ጥቂት ፍራሽ ነው የሚጠይቀው።

ወደ ማሳው ልመለስ። የምጠይቃችሁ ነገር ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። ጓሳ የተባለውን የደጋ መሬታችንን ሣር ለዘመናት ጠብቆ ያኖረው በውል ነው። አባቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት አለቃ መርጠው፣ ጓሳውን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር። ከተቆረጠው ቀን በፊት ማጭድ ያነሣ ይቀጣ ነበር። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬ ድረስ እዚያ የሚኖሩት በዚያ ውል ነው። በሣር ላይ እንዲህ የተስማማ ሕዝብ በእርሻ ተራ ላይ መስማማት ያቅተዋል ብዬ አላምንም።

ሐሳቤ ይህ ነው። እያንዳንዱ እድር በአካባቢው ለብቻዋ ልጅ የምታሳድግና በቤቷ የሚያርስ ወንድ የሌላትን እናት ስም ይያዝ። ዝናብ በጣለ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ይቆረጥና ያን ቀን በሬ ያለው ሁሉ መጀመሪያ የእነሱን ማሳ ይረስ። በእኩል የያዘውም ሰው ያን ቀን አብሮ ይውጣ፤ ምርቱን በእኩል ይካፈል፣ ተራዋ ግን መጨረሻ አይሁን። ምግቡን እናቶቹ እንሥራ ቢሉም አታስቸግሯቸው፤ ቆሎና ውኃ ይበቃል። ይህ ምጽዋት አይደለም። እሷም ለቅሶ ቤት ታድራለች፣ ለድግስ ትፈጫለች፣ ለታመመ ታስታምማለች፤ እድሩ የሚቆመው በእሷም ጉልበት ነው።

የሃይማኖት አባቶች፣ የምትቆርጡት ቀን በዓል እንዳይሆን አስቀድማችሁ ምከሩ። መምህራን፣ ያን ሳምንት የእነዚያን ልጆች መገኘት በተለይ ተከታተሉ፤ ለውጡን በመዝገባችሁ ላይ ታዩታላችሁ። የእድር ዳኞች፣ በልጉ የካቲት ላይ ይገባል፤ የስም ዝርዝሩን እስከ ጥር መጨረሻ ጨርሱልኝ።